ሽኝት በጥድ ሥር ጣቢያ

በጥድ ሥር ጣቢያ ሰው የሚሸኘው እስከ ቢጫው መስመር ድረስ ነው። መስመሩ የተቀባው ከምሥራቁ በር ፊት ለፊት፣ በመተላለፊያው ወለል ላይ ነው፤ ስፋቱ ከመዳፍ አይበልጥም፤ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ በአዲስ ቀለም ይታደሳል። ከመስመሩ ወዲህ የቆመ ሸኚ ነው፤ ከመስመሩ ወዲያ ያለፈ ተነሺ ነው። ሦስተኛ ዓይነት ሰው በሩ አያውቅም። በሩ አይቆጣም፣ አይጮኽም፣ ማንንም አያስቆምም። የሚያልፈውን ሰው በስሙ ጠርቶ መልካም መንገድ ይመኝለታል፤ በዚያችው ቅጽበት ሰውየው የአዲስ አበባ ነዋሪ መሆኑ ያበቃል።

ይህን የማያውቅ የለም። የሰፈሩ ልጆች ዳዴ ማለት ሲጀምሩ ከእሳት ቀጥሎ የሚከለከሉት ቢጫውን መስመር ነው። እንዲያም ሆኖ በየጊዜው የሚያልፈው አይጠፋም። አንዷ እናት ልጇን አቅፋ እያለቀሰች ትገባለች። አንዱ ስንቅ ላቀብል ሲል ይገባል። "እኔ ልያዝልህ፣ አንተ አትያዝ" እየተባባሉ ሻንጣ ሲጓተቱ ተያይዘው የሚገቡም አሉ። ሄራን እንዲህ ያለ ወሬ በሰማች ቁጥር ከንፈሯን ትመጥና፣ "ዓይን የላቸውም እንዴ ሰዎቹ?" ትል ነበር።

ሄራን ስልሳዎቹን አጋምሳለች። ሄራን፣ ኖላዊት፣ ያፌት የሚባሉት ስሞች ዛሬ ዛሬ የአሮጊትና የሽማግሌ ስሞች ሆነዋል፤ ልጆች ሲሰሟቸው ይስቃሉ። እሷ ግን በስሟም ሆነ በሌላ ነገር የሚሳቅባት ሴት አይደለችም። ነገር አይረሳትም፤ ምድጃ ለኩሳ ከቤት አትወጣም፤ ሰው የተዋሳትን ዕቃ ከነቀኑ ታስታውሳለች። የባሏ የያፌት ኩላሊት ከደከመ ወዲህ ደግሞ ይብሱን ጠንቃቃ ሆናለች። ሳሎናቸው ጥግ ካለው የኩላሊት እጥበት ማሽን ጋር አንድ ቀን እየዘለለች የምታያይዘው እሷ ናት። ለዚህ ሥራ ከግድግዳው የሚወጣ ረዳት ክንድ አላቸው፤ ያፌት አንድ ጊዜ ሞክሮት "እጁ ይቀዘቅዛል" ብሎ ትቶታል።

ኖላዊት ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቷ ናት። ሁለቱ አብረው ሸመገሉ ቢባል ይቀላል። ኖላዊት ዘንጊ ናት፤ ያስቀመጠችውን አታገኝም፤ የተዋሰችውን አትመልስም፤ ስትስቅ ግን ሰው ሁሉ አብሯት ይስቃል።

ከተማዋ ከብዳለች ከተባለ ቆይቷል። ስለዚህ ነዋሪዎቿን ወደ ሌላ ከተማ እየሸኘች ትቀልላለች። መቅለሉ በፈቃደኝነት ነው፤ ማንም ማንንም አያስገድድም። ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው መጀመሪያ ውሃው በፈረቃ ይሆንበታል፤ ቀጥሎ የቤቱ በር ለመከፈት ማመንታት ይጀምራል፤ ቀጥሎ ፈቃደኛ ይሆናል። በሽተኛ ያለበት ቤት አይነካም። የሄራን ቤት በያፌት ኩላሊት ምክንያት ተከብሮ ሲኖር፣ ባሏ የሞተባት ኖላዊት ግን በሯ ላይ ቆማ እስኪከፈትላት ስትጠብቅ ከረመችና በመጨረሻ "ይሁን፣ እሄዳለሁ" አለች። የደረሳት ቦታ በረከት ሜዳ ነው። አፈር የሚነካ ግቢ ይሰጣል ተብሏል።

ጣቢያው ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሄራን ልጅ ሳለች ጥድ ሥር የሚባል ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነ ሰፈር ነበር፤ ጣቢያው ደግሞ በሰፈሩ አናት ላይ በኮንክሪት እግሮች የቆመ ተራ የባቡር ማቆሚያ። ጥዱ ለአንደኛው እግር ቦታ ሲባል ተቆረጠና ስሙ ለጣቢያው ተረፈ። ላይ ሁለት መሳፈሪያዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ በመካከላቸው ሐዲዱ ያልፋል፤ ከሐዲዱ በላይ ከወዲህ ወዲያ የሚያሻግር፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ድልድይ ነበር። አራት ደረጃዎች እስከ አስፋልቱ ይወርዳሉ። ከደረጃዎቹ ሥር ሊስትሮው፣ ቆሎ ሻጯ፣ የስልክ ሽፋን የሚያዞረው፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ምንም ሳይገዛ የሚጠለለው ሰው ሁሉ። አሳንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም ነበር፤ ሰው ተሳድቦ ሲያበቃ ደረጃውን ይወጣል።

ከዚያ ሰፈሩ ተነሣ። በቦታው ረጃጅም ሕንፃዎች በቀሉና ከጣቢያው ጋር በተሸፈኑ ድልድዮች ተያያዙ። ምድሩ ለጭነት ተሰጠ፤ ሾፌር የሌላቸው መኪናዎች ቀን ከሌት ይርመሰመሱበታል። ወደ ታች መውረድ ትርጉም ስላጣ አራቱ ደረጃዎች ከወገባቸው ተቆረጡ፤ ዛሬም ከጣቢያው ጎን ተንጠልጥለው ይታያሉ፣ የትም አይደርሱም። ቀጥሎ መሳፈሪያዎቹ ሥራ ተከፋፈሉ፤ ምዕራቡ በከተማው ውስጥ ለሚዞሩ፣ ምሥራቁ ከከተማው ለሚወጡ። በመጨረሻም የሚሻገር ሰው መንገድ ያጨናንቃል ተባለና በላይ የነበረው ድልድይ ተነቀለ። ይዘውት የነበሩት ብረቶች ጉቷቸው ከግድግዳው አልወጣም። ስለ ድልድዩ ማንም ምንም አላለም። በዚያ ሰሞን ሄራንን ያናደዳት አቧራው ብቻ ነበር፤ ቤቷ ከጣቢያው ፊት ለፊት ስለሆነ መስኮቷን ዘግታ ሥራው እስኪያልቅ ጠበቀች።

ያፌት እሷን መሸኘት የጀመረው ድልድዩ ገና ሳለ ነው። የሽኝት ወግ የታወቀ ነው። ሸኚው "ትንሽ ልሸኝሽ" ይላል፤ ሂያጇ "በቃ ተመለስ" ትላለች፤ ሸኚው አሁንም ትንሽ ይከተላል፤ እንዲህ ሲባባሉ ይለያያሉ። ተመለስ ሳይባሉ ፊትን አዙሮ መሄድ ነውር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያፌት እስከ መሳፈሪያው ሸኛት፤ ሄራን አፍራም ይሁን ደስ ብሏት፣ ምንም ሳትለው ባቡሩ ላይ ወጣች። ቤቷ ደርሳ ልብሷን ቀይራ ስትደውልለት በስልኩ ውስጥ የዝናብ ድምፅ ሰማች።

"የት ነህ?"

"ጣቢያው።"

"እስካሁን ምን ትሠራለህ?"

"ተመለስ አላልሽኝም።"

ሳምንቱን ሙሉ ሲያስል ከረመ። እሷም ይህን ደረቅ ሰው ከእኔ ሌላ ማን ይችለዋል ብላ አገባችው። ከዚያ ወዲህ ለሱቅም ይሁን ለጎረቤት ከቤት በወጣች ቁጥር ያፌት እስከ በር ይከተላታል፤ "በቃ ተመለስ" እስክትለው ድረስ ንቅንቅ አይልም። አንዳንድ ቀን ትሰለቸው ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሆን ብላ ዝም ትልና ከመተላለፊያው ጫፍ ዞር ስትል፣ ዱላውን ተደግፎ እዚያው ቆሞ ታገኘዋለች።

ኖላዊት የምትሄድበት ቀን ጠዋቱ ብራ ነበር። ልትሰናበት ስትመጣ ያፌት እጥበቱን ጨርሶ መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ከእጥበት በኋላ እንደ ሁልጊዜው ፊቱ ገርጥቷል።

"በቃ ሄድኩልዎት ጋሽ ያፌት" አለች።

"እዚያ አፈር አለ አሉ።"

"አለ አሉ። ጎመን እተክላለሁ። ለእናንተም እልካለሁ።"

"በዚህ ባቡር የሄደ እንጂ የመጣ ጎመን አላየሁም" አለ ያፌት።

ሦስቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ኖላዊት የቤቱን ጣሪያ ማየት ጀመረች። ያፌት ዱላውን ይዞ ተነሣ።

"አንተ ተቀመጥ፤ ዛሬ ታጥበሃል" አለችው ሄራን።

"እስከ በር ነው።"

እስከ በር ሄደ። ኖላዊትን ጉንጭና ጉንጯን ስሞ ሲያበቃ ወደ ሚስቱ ዞሮ "እስከ መስመሩ ብቻ" አላት።

"ለእኔ ነው የምትነግረኝ?"

"ለማንም እነግራለሁ።"

"በቃ ተመለስ፤ አሁን መጣሁ" አለችው። ተመለሰ።

ኖላዊት ከዕድሜ ልክ ኑሮዋ እንድትይዝ የተፈቀደላት አንድ ሻንጣ ነው። ሁለት ጆሮ ያለው፣ ሆዱ የተነፋ የሸራ ሻንጣ። አንዱን ጆሮ ኖላዊት፣ ሌላውን ሄራን ይዘው በተሸፈነው ድልድይ ወደ ጣቢያው አመሩ። መንገድ ላይ ኖላዊት "ልቀቂው፣ ከበደሽ" አለች፤ ሄራን "አልለቅም" አለች፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። ከድልድዩ መስታወት በታች የጭነት መኪናዎቹ ያለ ድምፅ ይተላለፋሉ። ሁለቱም ወደዚያ አላዩም፤ ማየት ከተዉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል።

መስመሩ ጋ ሲደርሱ ሻንጣውን አስቀመጡና ተቃቀፉ። ኖላዊት "በቃ ተመለሺ" አለች። ሄራን ዞረች። ጥቂት እንደሄደች ኖላዊት "ቆይ፣ ትንሽ ልሸኝሽ" ብላ ተከተለቻት። የሚሄደው ማን፣ የሚቀረው ማን እንደሆነ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ሰው ብቻውን አይሰደድም፣ ነገሩ እንዲህ ነው የሚደረገው። ኖላዊት እስከ ድልድዩ አፍ ሸኘቻት። ሄራን ደግሞ "እንግዲህ ብቻሽን አልሰድሽም" ብላ መልሳ እስከ መስመሩ ሸኘቻት። በዙሪያቸው ያሉት ሌሎች ተነሺዎችና ሸኚዎችም እንደዚያው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ከላይ ሆኖ የሚያያቸው ሰው ወለሉ ላይ የወደቀ ነገር የሚፈልጉ ይመስሉታል።

መስመሩ አጠገብ እንደገና ሲቆሙ ኖላዊት አንገቷን ሰበር አደረገች።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን አትቆጪ።"

"ምንድን ነው?"

"ወንፊትሽ እኔ ጋ ነው። ሳትኖሪ ነው የወሰድኩት።"

"የቱ ወንፊት?"

"ያ ሽቦው ጥሩ የነበረው።"

ሄራን ቀጥ ብላ ቆመች። "ያን እኮ የላይኛዋን ሴትዮ ወሰደችብኝ ብዬ ስንት ዘመን ሰላምታ ነስቻታለሁ።"

"አውቃለሁ። ለዚያ ነው መናገር ያቃተኝ። ስትናደጂ ጊዜ ፈራሁ፤ ቆይቶ ደግሞ ባሰ።"

"አሁን የት ነው ያለው?"

"ሻንጣው ውስጥ። የአንቺ ማስታወሻ ይሆነኛል ብዬ ነው።"

"ወንፊቴን ይዘሽብኝ ልትሄጂ?"

በዚህ መሀል የበረከት ሜዳ ተነሺዎች እንዲገቡ ጥሪ ተሰማ። ኖላዊት "ውይ" ብላ የሻንጣውን አንድ ጆሮ አነሣች። ሄራን ሌላውን አነሣች። ጠዋቱን ሙሉ እንዲያ ሲያደርጉ ስለቆዩ እጇ ለምዶታል። ሄራን "ልጇን ስትድር እንኳ አልሄድኩላትም እኮ" እያለች፣ ኖላዊት "በሞቴ ይቅር በይኝ" እያለች፣ ከሰዉ ጋር ገፋ ገፋ እያሉ ሄዱ።

"መልካም መንገድ፣ ወይዘሮ ኖላዊት" አለ በሩ። "መልካም መንገድ፣ ወይዘሮ ሄራን።"

ሄራን ስሟን ስትሰማ መጀመሪያ ያሰበችው በሩ ትሑት ነው ብላ ነበር። ከዚያ እግሯን አየች። ከዚያ ወደ ኋላዋ ዞረች። መስመሩ ከሚዘጋው በር ማዶ ነበር፤ እሷ ወዲህ። ኖላዊትም አየች፤ የያዘችውን የሻንጣ ጆሮ ለቀቀችውና ሻንጣው በአንድ ጎኑ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

"እኔ ነኝ ያስገባሁሽ" አለች ኖላዊት።

"ዝም በይ" አለች ሄራን።

በመሳፈሪያው ላይ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰች አስተናጋጅ ቆማለች። አስካለ ትባላለች፤ እንደ ዛሬ ልጆች ሁሉ የጥንት ስም ነው ያላት። ሄራን ቀጥ ብላ ወደሷ ሄደች።

"ልጄ፣ እኔ ሸኚ ነኝ። ተሳስቼ ነው የገባሁት።"

"አውቃለሁ እማማ።"

"ታውቂያለሽ?"

"ስትመላለሱ አይቻችኋለሁ።"

"እንግዲያው ክፈቺልኛ።"

"በዚህ በኩል መክፈቻ የለውም" አለች አስካለ። ውሸቷን አልነበረም፤ የበሩ ውስጠኛ ጎን ለስላሳ ግድግዳ ነው፤ እጀታም፣ ቀዳዳም፣ በር መሆኑን የሚያሳይ ምልክትም የለውም።

"ወደ ምዕራቡ መሳፈሪያ አሻግሪኝ። በከተማው ባቡር ዞሬ ቤቴ እገባለሁ።"

አስካለ ወደ ላይ አየች። ሄራንም አብራ አየች። ከግድግዳው የወጡት የብረት ጉቶዎች ዝገው ተራ በተራ ተሰልፈዋል። ከሐዲዱ ማዶ፣ በምዕራቡ መሳፈሪያ ላይ፣ አንድ ሰውዬ ሙዝ እየላጠ የከተማውን ባቡር ይጠብቃል። ሙዙ ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ እንኳ ይታያት ነበር።

"አቤት እላለሁ" አለች።

"ይቻላል። የሚቀርበው ግን በሚኖሩበት ከተማ ነው።"

"የምኖረው እዚህ ነው። ያ የምታይው መስኮት የእኔ ነው።"

"ከአሁን ጀምሮ በረከት ሜዳ ነው እማማ። እዚያ ሲደርሱ ማመልከት ይችላሉ። ተራዎ ሲደርስ ያሳውቁዎታል።"

"መቼ ነው የሚደርሰው?"

"ሲደርስ ያሳውቁዎታል።"

"ባልሳፈርስ?"

"ካልተሳፈሩ የየትም ነዋሪ አይደሉም። የየትም ነዋሪ ያልሆነ ሰው ማመልከት አይችልም።" አስካለ ይህን ስትል ድምፅዋ አልከረረም። ብዙ ጊዜ የተናገረችው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል።

ሄራን ስልኳን አወጣች። ስልኳ ጠፍቷል፤ በአዲሱ ከተማ ይከፈታል የሚል ጽሑፍ ብቻ ይታይበታል። መልሳ ከተተችው። ወደ መጨረሻው ጥያቄ መድረስ ፈርታ ነበር፤ ግን ሌላ የሚጠየቅ ነገር አለቀባት።

"ባለቤቴ ታማሚ ነው። አብሮኝ ቢመጣ እዚያ እጥበት አለ?"

"ማዕከሉ እየተሠራ ነው።"

ሄራን ዕድሜዋን ሙሉ "እየተሠራ ነው" ሲባል ሰምታለች፤ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም። "እዚህ ቢቀርስ?"

"እጥበቱ አይቋረጥበትም። ክንዱ ይሠራለታል። ቤቱ ግን ለአንድ ሰው ስለሚበዛ ወደ አንድ ክፍል ያዛውሩታል።" አስካለ ወደ ሐዲዱ እያየች "ጥሩ ክፍል ነው" አለች።

ኖላዊት ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። ሄራን አላጽናናቻትም። ተናድዳባት ነበር። ከኖላዊት ይበልጥ ግን የተናደደችው በገዛ እጇ ነው፤ የሻንጣውን ጆሮ እንዲያው ሳያስብ አንሥቶ ያስገባት እጇ ነበር። ስንት ሰው ላይ ዓይን የላቸውም ብላለች። ስንቱን እናት፣ ስንቱን ስንቅ አቀባይ። አሁን ከመሳፈሪያው ባዶ ጥግ ቆማ የራሷን መስኮት ስታይ፣ መጋረጃው ጠዋት እንደተወችው ግማሽ ድረስ ተከፍቷል። ወንበሩ ይታያል። ወንበሩ ላይ ሰው የለም።

ለያፌት የነገረው ቤቱ ነው። "ወይዘሮ ሄራን ተነሥተዋል" ብሎ ነገረው። ያፌት መጀመሪያ ከመኝታዋ መነሣቷን የሚያወራ መስሎት "ከተነሣች ቆየች" አለው። ቤቱ ደገመለት።

እጥበቱን በጨረሰ ቀን ከወንበሩ ርቆ የማያውቀው ሰውዬ በዱላው እየተደገፈ ያን ሁሉ ድልድይ ተሻግሮ መጣ። በፒጃማው ላይ ካፖርቱን ደርቧል፤ ባርኔጣውን አድርጓል፤ በክንዱ የሄራንን ሹራብ ይዟል። ከበሩ ጎን ባለው ወፍራም መስታወት ላይ ድምፅ የሚያሳልፉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ሄራን እዚያ ቆማ ነበር የጠበቀችው።

"አለፍኩት ያፌት" አለችው።

"ነገረኝ።" ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "ቆይ፣ ልምጣ።"

"ቁም።"

ቆመ። የጫማው ጫፍ ከመስመሩ ወዲያ ሊል ምንም አልቀረውም።

"እዚያ እጥበት የለም" አለችው። "ጠይቄያለሁ። እየተሠራ ነው አለችኝ።"

"እየተሠራ ነው?"

"አዎ።"

ያፌት እሱም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቢሆንም "አንድ ሁለት ቀን ብዘልል አልሞትም" አለ።

"አንድ ሁለት ቀን አይደለም። ሦስተኛው ቀን ላይ አስከሬንህን ይዤ ምን ልሁን? እባክህ ያፌት፣ እግርህን ወደ ኋላ አድርግልኝ።"

እግሩን ወደ ኋላ አደረገ። ሄራን መናገር ጀመረች፤ ካቆመች ማልቀሷ ስለማይቀር ሳታቆም ተናገረች። ሽሮው ከላይኛው መደርደሪያ ከቀኝ በኩል እንደሆነ፣ ጨው እንዳያበዛ፣ ረዳቱ ክንድ ሲነካው እንዲታገሥ፣ ቀዝቃዛነቱን ከጠላው ቀድሞ በሞቀ ፎጣ እንዲጠቀልለው፣ ወደ አንድ ክፍል ሲያዛውሩት መስኮት ያለውን እንዲጠይቅ ነገረችው። ያፌት ለእያንዳንዱ "እሺ" አለ። ለጨው ብቻ አልመለሰላትም።

"ጨውን እሺ በለኝ።"

"እሺ።"

ያፌት ሹራቡን ዘረጋ፤ ዕቃ ማለፍ ይችላል፤ አስካለ በመስታወቱ ሥር ባለች ጠባብ መስኮት ተቀብላ ለሄራን ሰጠቻት። ሹራቡ የያፌትን ክንድ ሙቀት ይዞ ነበር።

"ታዲያ አንቺን ማን ሸኘሽ?" አለ ያፌት።

"ማንም አልሸኘኝም።"

"እንግዲያው እኔ እሸኝሻለሁ።"

የካፖርቱን ቁልፎች ከታች ጀምሮ ቆለፈ፤ ባርኔጣውን አስተካከለ፤ ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ ከመስመሩ ወዲህ ቀጥ ብሎ ቆመ። ገና ወጣት ሳለ እዚያው አካባቢ፣ ዛሬ የተቆረጠው ደረጃ ከሚጀምርበት ቦታ አጠገብ፣ እንደዚያው ይቆም ነበር።

ባቡሩ ገባ። ተነሺዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ተሳፈሩ። ኖላዊት ከባዱን ሻንጣ ብቻዋን አነሣችው፤ ሄራን ጆሮውን እንድትይዝላት አልጠበቀችም።

"እማማ፣ ደርሷል" አለች አስካለ ቀስ ብላ።

ሄራን ፊቷን ወደ ያፌት አድርጋ ወደ ኋላ መራመድ ጀመረች። ያፌት ከመስታወቱ ማዶ እጁን አነሣ። ምን ማለት እንዳለባት ታውቃለች። በየቀኑ ስትለው የኖረችው ሁለት ቃል ነው። ብትለው ይመለሳል፤ ሲመለስ ደግሞ ጀርባውን ታያለች። ጀርባውን ማየት አልፈለገችም። ፊቱን ትንሽ ቆይታ ማየት ነበር የፈለገችው፣ ሌላ ምንም አላሰበችም። ስለዚህ ዝም ብላ ወጣች፤ ባቡሩም ተዘጋ።

ባቡሩ ቀስ ብሎ ተነቃንቆ በሕንፃዎቹ መሀል ታጠፈ። ከመታጠፊያው ላይ ጥድ ሥር ጣቢያ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ሄራን ከዚህ በኩል አይታው አታውቅም። የኮንክሪት እግሮቹ፣ ከወገባቸው የተቆረጡት ደረጃዎች፣ ፊት ለፊት ተያይተው የማይገናኙት ሁለቱ መሳፈሪያዎች፣ በመካከላቸው ድልድይ የነበረበት ባዶ አየር። ከምሥራቁ በር ፊት ለፊት ሸኚዎቹ አንድ በአንድ እየተበታተኑ ወደየሕንፃቸው ይመለሳሉ። ባርኔጣ ያደረገ አንድ ሰው ብቻ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አንድ ሕንፃ መጣና ሁሉን ጋረደው።

ኖላዊት ሻንጣዋን ከፈተች፤ ወንፊቱን አወጣችና ሄራን ጭን ላይ አስቀመጠችላት። ሄራን አየችው፤ የራሷ ነው፤ ከጠርዙ በአንድ በኩል በቀይ ክር አስራው ነበር፣ ክሩ አለ።

"ጋሽ ያፌት ደክሟቸው ነበር" አለች ኖላዊት። "ቶሎ ገብተው ቢያርፉ ጥሩ ነው።"

ሄራን ቀዩን ክር በጣቷ ነካካችው።

"ተመለስ አልሽያቸው አይደል?"

ሄራን ቀና አለች። ኖላዊት የሁለቱን ነገር ታውቃለች፤ በመተላለፊያው ላይ ቆሞ ሲጠብቃት ስንት ጊዜ አይታ ስቃበታለች። አሁን ግን ከሄራን ፊት ላይ መልሱን አነበበችና አፏን በእጇ ያዘች። ሄራን ስልኳን አወጣች። በአዲሱ ከተማ ይከፈታል ይላል። በረከት ሜዳ እስኪደርስ ባቡሩ የትም አይቆምም። ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። ከውጭ ከተማው አልቆ ሜዳው ጀምሯል፤ ጣቢያው በነበረበት አቅጣጫ ሰማዩ ጠቁሮ ለዝናብ ይሰናዳል።

"በቃ ተመለስ" አለች ለመስታወቱ። "ይበርድሃል፤ ተመለስ።"